የበረንዳ ጓሮ፦ ጤና አዳም፣ በሶብላና የቤት ውስጥ ተክሎች በዕቃ ሲተከሉ

በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ለቡናው ጤና አዳም ሲያምረው ወይ ከጉልት እየገዛ ይጠቀማል፣ ወይ በረንዳው ላይ ይተክላል። መትከሉን ከመረጡት መካከል ብዙዎቹ ግን በግንቦት የገዙትን ችግኝ በነሐሴ ደርቆ ያገኙታልና «የእኔ እጅ ለተክል አይሆንም» ብለው ባዶውን ባልዲ የልብስ መቆንጠጫ ማስቀመጫ ያደርጉታል። እኔም ሁለት ክረምት በተከታታይ እንዲሁ ሆኖብኝ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን የሞተውን ተክል ከመጣሌ በፊት ባልዲውን ገልብጬ አየሁት። አፈሩ የባልዲውን ቅርጽ እንደያዘ፣ እንደ ጡብ አንድ ሆኖ ወጣ፤ ከታች በኩል የረግረግ ሽታ ነበረው፤ ነጭና ጠንካራ መሆን የነበረበት ሥር ቡናማ ሆኖ በጣቴ ሳሸው ልጣጩ ሾልኮ ክር የመሰለ ነገር ብቻ ቀረ።

ይህ የሆነው ቅጠሉ ጠውልጎ ባየሁ ቁጥር የተጠማ እየመሰለኝ ውኃ ስለጨመርኩበት ነው። ሥር ውኃ ብቻ ሳይሆን አየርም ይፈልጋል። በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች በሙሉ በውኃ ከተሞሉ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፤ የሞተ ሥር ደግሞ ውኃ መሳብ ስለማይችል ተክሉ በውኃ እንደተከበበ ይጠወልጋል። በጥም የጠወለገና በውኃ ብዛት የጠወለገ ተክል ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው ጣቱን አፈሩ ውስጥ ከትቶ የዳሰሰ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ በዕቃ ለሚተከል ተክል የመጀመሪያው ሥራ ሥሩ የሚተነፍስበትን አፈር ማዘጋጀት ነው፤ ብርሃኑም፣ ማዳበሪያውም፣ የተባይ መከላከሉም የሚጠቅሙት ይህ ከተሟላ በኋላ ነው።

አፈርና ዕቃ

ብዙ ሰው አፈር የሚያመጣው ከሠፈሩ ነው፤ ወጪ የሌለው ስለሆነ የሚነቀፍ አይደለም፣ ነገር ግን የያዘው ምን ዓይነት አፈር እንደሆነ ማወቅ ይኖርበታል። ወደ እንጦጦ ግርጌ የሚገኘው ቀይ አፈር ነው፤ ወደ ቦሌና ወደ አቃቂ ሲወረድ ደግሞ ሲርስ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ይበዛል። ሁለቱም መሬት ላይ ሳሉ የዕፅዋት ሥርና የምድር ትል እየቦረቦሩ አየር ያስገቡላቸዋል፤ በባልዲ ውስጥ ግን ይህን የሚሠራላቸው ስለሌለ በየጊዜው በሚፈስባቸው ውኃ እየተጠቀጠቁ ይደነድናሉ። መረሬው በተለይ ሲደርቅ ተኮማትሮ ከዕቃው ግድግዳ ይላቀቃል። ያን ጊዜ የሚፈስበት ውኃ በስንጥቁ ሾልኮ በታችኛው ቀዳዳ ይወጣና ባለቤቱ ጠጥቶ ጠገበ ሲል መካከሉ እንደደረቀ ይቀራል።

መፍትሔው መቀላቀል ነው። እኔ መለኪያ የማደርገው የወተት ዱቄት ጣሳ ነው፤ ለአብዛኛው ተክል ሁለት ጣሳ ቀይ አፈር፣ አንድ ጣሳ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ አንድ ጣሳ ሻካራ የወንዝ አሸዋ እቀላቅላለሁ። እርጥበት ለማይወዱት ለጤና አዳምና ለሥጋ መጥበሻ ግን አሸዋውን ሁለት ጣሳ አድርጌ ፍጉን ወደ ግማሽ ጣሳ እቀንሳለሁ። በአሸዋ ፈንታ ብሎኬት የሚሠራበት ያ ቀላልና ቀዳዳ የበዛበት ፑሚስ ቢገኝ የተሻለ ነው፤ ዱቄቱን በወንፊት አራግፎ ጠጠሩን ብቻ መጠቀም ይገባል፣ ክብደቱም አነስተኛ ስለሆነ ለበረንዳ ይመረጣል። ለልስን የሚነፋው ደቃቅ አሸዋ ግን አፈሩን ይበልጥ ይደፍነዋልና አይጠቅምም። ድብልቁ መሥራቱን ለማረጋገጥ ጥቂት አርሶ በእፍኝ መጭመቅና መዳፍን መክፈት ነው፤ የተጨመቀው በጣት ሲነካ ከተፈረፈረ ጥሩ ነው፣ እንደ ሊጥ ተያይዞ ከቀረ አሸዋ ይጎድለዋል።

ፍግን በተመለከተ ስሕተቱ የሚፈጠረው በችኮላ ነው። አዲስ እበት ወይም የበግ በጠጥ በሚበሰብስበት ጊዜ ስለሚሞቅና ጨውም ስለሚበዛበት ለጋ ሥር ያቃጥላል። ቢያንስ ሦስት ወር ያህል በማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ሆኖ በየጊዜው እየተገላበጠ መቆየት አለበት፤ ሽታው ጠፍቶ እንደ ጫካ አፈር ሲሸት ደርሷል ማለት ነው። ዩሪያን የሚያሞግሱም አሉ። ከክብደቱ 46 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ በእርሻ ላይ የሚሠራውን ሥራ ሁሉም ያውቃል፤ በአንድ ባልዲ ውስጥ ላለች ተክል ግን እፍኙ ቀርቶ ቁንጥሩም ሊበዛ ይችላል። መጠቀም ግድ ከሆነ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በ5 ሊትር ውኃ አሟሙቶ፣ አፈሩ አስቀድሞ ርሶ እያለ፣ በወር አንድ ጊዜ ብቻ መስጠት ይበቃል። ለጤና አዳም፣ ለሥጋ መጥበሻና ለመሰሎቻቸው ግን ከነጭራሹ አልመክረውም፤ ቅጠሉ ይለመልማል እንጂ ሽታው ይቀንሳል፣ እኛ ደግሞ የምንተክላቸው ለሽታቸው ነው።

ዕቃው የግድ ከሱቅ የተገዛ መሆን የለበትም። የዘይት ጀሪካን አናቱ ተቆርጦ ጥሩ መትከያ ይሆናል፤ የቀለም ባልዲ ግን ለአበባ እንጂ ለሚበላ ቅጠል ባይውል ይሻላል። ምስማር በእሳት አግሎ ከሥሩ ቢያንስ ስምንት ቀዳዳ፣ ከጎኑም ከታች ጠርዝ አንድ ጣት ከፍ ብሎ አራት ያህል መብሳት ያስፈልጋል፤ የጎኖቹ ቀዳዳዎች የታችኞቹ ወለል ላይ ተደፍነው ሲቀሩ ውኃ ያስወጣሉ። የሸክላ ዕቃ በግድግዳው ስለሚተነፍስ ቶሎ ይደርቃል፤ ይህ ለጤና አዳም በጎ ሲሆን ውኃ ለሚወደው ለጠጅ ሳር ግን ችግር ነው።

እዚህ ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሰው የሚያምንበትን አንድ ልማድ መቃወም ግድ ይለኛል፤ እርሱም ውኃ እንዲጠነፍፍ ተብሎ ከዕቃው ሥር ጠጠር መደልደል ነው። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ ውስጥ ነክሮ በመዳፍ ላይ አጋድሞ መያዝና መንጠባጠቡን እስኪያቆም መጠበቅ፣ ከዚያም ሳይጨምቁ በጠባብ ጎኑ ማቆም ነው። እንደገና ይንጠባጠባል። አፈርም እንዲሁ ነው፤ ከታች በኩል ስቦ የሚያስቀረው የእርጥብ ንጣፍ ውፍረት ለአንድ ዓይነት አፈር ሁልጊዜ ያው ስለሆነ ረጅም ዕቃ ውስጥ ሥሩ ከንጣፉ በላይ ብዙ ደረቅ ቦታ ሲያገኝ በአጭር ዕቃ ውስጥ ግን እርጥቡ ውስጥ ተነክሮ ይኖራል። ጠጠር ከሥር ሲደለደል ይህ ንጣፍ አይጠፋም፣ ከጠጠሩ በላይ ወዳለው አፈር ወጥቶ ወደ ሥሩ ይጠጋል እንጂ። ስለዚህ ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር መቀላቀል፣ ቀዳዳው ላይ ደግሞ አፈር እንዳይፈስ አንድ ቁራጭ የወንፊት መረብ ብቻ ማድረግ ይበቃል።

በ20 ሊትር ጀሪካን የተሞላ እርጥብ አፈር ክብደቱ 30 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል ትልልቆቹን ከበረንዳው አጥር ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ ከግድግዳው ሥር ወለል ላይ ማሳረፍ ይገባል።

ፀሐይ ከየት በኩል እንደምትመጣ

ስለ ተክል አያያዝ ከውጭ አገር የሚመጣ ምክር ሁሉ «ወደ ደቡብ የዞረ መስኮት ይምረጡ» ይላል። ይህ ለአውሮፓና ለሰሜን አሜሪካ ትክክል ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ነገሩ የተለየ ነው። ከመስከረም እስከ መጋቢት ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት አንሥቶ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ድረስ ደግሞ በራሳችን ላይ አልፋ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። ስለዚህ ወደ ደቡብ የዞረ በረንዳ በበጋ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ በግንቦት በጥላ ሥር ይውላል፤ ወደ ሰሜን ለዞረው ፀሐይ የምትደርሰው ደግሞ በአብዛኛው ሰማዩ በደመና በተሸፈነበት በክረምት ነው። ወደ ምሥራቅ የዞረ በረንዳ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የማያቃጥል የጠዋት ፀሐይ ያገኛል። የምዕራቡ የከሰዓት ፀሐይ በየካቲትና በመጋቢት ለጋ ቅጠልን ስለሚያቃጥል ቀጭን ሻሽ ወይም ያረጀ መጋረጃ መጋረድ ይረዳል።

ጤና አዳም፣ ሥጋ መጥበሻና በሶብላ በቀን ቢያንስ አምስት ሰዓት ያህል ቀጥተኛ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ይህን የማያገኝ በረንዳ ያለው ሰው ናና፣ ቆስጣና ሰላጣ ቢተክል ይሻለዋል። ግንዱ እየቀጠነ፣ ቅጠሎቹ እየተራራቁ፣ መላው ተክል ወደ አንድ ወገን እየተንጋደደ ከሄደ የጎደለው ብርሃን ነው፤ ያን ጊዜ ማዳበሪያ መጨመር መቅጠኑን ያባብሰዋል።

ውኃ

በየስንት ቀኑ ይጠጣ የሚለው ጥያቄ የቀን መልስ የለውም። ጣትን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ ማስገባት፣ እዚያ እርጥበት ካለ መተው፣ ደረቅ ከሆነ ከታች በቀዳዳው እስኪወጣ ድረስ አጥግቦ ማጠጣት ነው። በየቀኑ አንድ ሲኒ ማንጠባጠብ ከሁሉ የከፋ ልማድ ነው፤ ላዩን ብቻ እያረጠበ ሥሩ ወደታች እንዳይወርድ ያደርጋል። ትንንሽ ዕቃዎችን በእጅ አንሥቶ ክብደታቸውን መልመድም ይቻላል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ እጅ ራሱ የጠማውን ከጠገበው ይለያል። ከሥር ማስቀመጫ ሳህን ካለ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የተጠራቀመውን ውኃ መድፋት ያስፈልጋል። ጊዜው ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ማታ የረጠበ ቅጠልና አፈር ከሌሊቱ ብርድ ጋር ስለማይስማማ።

ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር አትክልትና ሩዝ የታጠበበትን ውኃ ማጠራቀም ተገቢ ነው፤ ጨው ወይም ሳሙና የነካው ግን አይሆንም። በበጋ የአፈሩን ፊት በገለባ ወይም በደረቀ ቅጠል ሁለት ጣት ያህል መሸፈን ትነቱን በእጅጉ ይቀንሳል። ለበዓል አገር ቤት የሚሄድ ሰው የሁለት ሊትር ሃይላንድ ክዳኑን በጋለ መርፌ ሁለት ቦታ ብስቶ፣ ውኃ ሞልቶ፣ አንገቱን ወደ ታች አድርጎ አፈሩ ውስጥ ቢተክለው ለአንድ ትልቅ ዕቃ ጥቂት ቀናት ይበቃዋል። ከመሄዱ በፊት ግን አንድ ጊዜ ሞክሮ ማየት አለበት፤ የእኔው የመጀመሪያው ሙከራ ቀዳዳው ሰፍቶ በአንድ ሌሊት ከእነ ወለሉ አጥቦት አደረ።

የቡና አተላ በየቀኑ አበባ ሥር የሚደፋበት ቤት ብዙ ነው። አተላው ሲደርቅ ውኃ የማያስገባ ቅርፊት ይሠራል፣ እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ደግሞ ይሻግታል፣ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦችም ይራቡበታል። ከቅጠላ ቅጠል ጋር ወደ ኮምፖስት ገብቶ ሲበሰብስ ግን ጥሩ ምግብ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሥራው ይገለበጣል። ከአዲስ አበባ ዓመታዊ ዝናብ ግማሽ ያህሉ የሚወርደው በሐምሌና በነሐሴ ስለሆነ ያን ጊዜ የተክል ባለቤት ዋና ተግባር ማጠጣት ሳይሆን ማስጠለል ነው። በሰኔ አጋማሽ ማስቀመጫ ሳህኖቹን በሙሉ አንሥቶ ዕቃዎቹን በሦስት በሦስት ድንጋይ ላይ ከወለል ከፍ ማድረግ፣ ጤና አዳሙን፣ ሥጋ መጥበሻውንና እሬቱን ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ማስገባት፣ ቀዳዳዎቹን በቀጭን እንጨት መሞከር ያስፈልጋል። እኔ ይህን ካደረግሁበት ዓመት ወዲህ በክረምት የሞተብኝ ጤና አዳም የለም።

ሽታ ያላቸው ተክሎች

ጤና አዳም ሲገዛ ዋጋው ሳይሆን ሥሩ ይታይ። በጥቁር ላስቲክ ያለውን ችግኝ ከግንዱ ሥር ይዞ በቀስታ መነቅነቅ ነው፤ አፈሩ ውስጥ የሚወዛወዝ ከሆነ ትናንት ከሌላ ቦታ ተነቅሎ የተተከለ ነው፣ ሥር አልያዘም። ሲተከል ላስቲኩ በሙሉ መቀደድ አለበት፤ እንዳይናጋ በሚል ከነላስቲኩ የሚቀብሩ አሉ፣ ሥሩም በዚያች ከረጢት ውስጥ እየተጠቀለለ ይቀራል። ግንዱ አስቀድሞ ከነበረበት ከፍታ በላይ በአፈር መሸፈን የለበትም። በየጊዜው ጫፍ ጫፉን ለቡና መቅጠፍ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ያበዛዋል፤ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ከሥሩ ድረስ መመልመል ግን ያራቁተዋል። በርበሬ የሚያዘጋጅ ሰው ቢጫውን አበባ ሳይቀጥፍ ፍሬ እስኪይዝ ይጠብቅ፣ ፍሬው ከቅጠሉ ይልቅ ለድልዝና ለበርበሬ ይፈለጋልና። ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። የቅጠሉ ጭማቂ ቆዳ ላይ ነክቶ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ቃጠሎ ውኃ ሊቋጥር ይችላል፤ ስለዚህ ተክሉን በብዛት የሚከረክም ሰው ጓንት ያድርግ ወይም ሥራውን ፀሐይ ስትጠልቅ ያድርገው፣ እጁንም በሳሙና ይታጠብ። ነፍሰ ጡር ሴት ደግሞ ጤና አዳም መጠጣት የለባትም።

በአሜሪካ፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ የሚኖሩ ወገኖች አፈር የያዘ ችግኝ ከአገር ቤት ይዘው መግባት አይፈቀድላቸውም፤ በዚያ በችግኝ መሸጫዎች «ሩ» በሚል ስም የሚሸጠው ተክል ግን የእኛው ጤና አዳም የቅርብ ዘመድ ነው፣ ሽታውም ይቀራረባል። በዕቃ ተክሎ ውርጭ ሳይጀምር ወደ ቤት ማስገባትና ወደ ደቡብ በዞረ መስኮት ሥር ማስቀመጥ ነው፤ ከላይ የተቃወምኩት ምክር ለእነርሱ ትክክለኛው ምክር ነው።

በሶብላ ሙቀት ወዳድ ነው። ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ አፈሩ ፊት ላይ ነስንሶ በስስ አፈር መሸፈን፣ ውኃውንም እንዳያጥበው በመርጫ መስጠት ይገባል። በመጋቢትና በሚያዝያ የተዘራው በሳምንት ገደማ ብቅ ይላል፤ በኅዳር የተዘራው ግን በሌሊቱ ብርድ ምክንያት ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። ሦስት ወይም አራት እርከን ቅጠል ሲያወጣ አናቱን መቅጠፍ ጎን ለጎን እንዲያቆጠቁጥ ያደርገዋል። ለሽሮና ለቅቤ የሚፈለገው ሲያብብ ተቆርጦ፣ በጥላ ተንጠልጥሎ የደረቀው ነው፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ በሶብላ ጭድ ነው። ዘመኑ አንድ ዓመት ብቻ ስለሆነ ካበበ በኋላ ሲደርቅ መደንገጥ አያስፈልግም፣ ዘሩን በወረቀት ጠቅልሎ ማስቀመጥ ነው።

ጠጅ ሳር ከሁሉም ቀላሉ ነው። ከጎረቤት አንድ ግንድ ከነሥሩ መገንጠል፣ ቅጠሉን አንድ ስንዝር ላይ ቆርጦ መትከል፣ ውኃ አለመንፈግ። በዓመት ውስጥ ጀሪካኑን ስለሚሞላው በየዓመቱ ገንጥሎ ማካፈል ያስፈልጋል፤ ቅጠሉ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ልጆች አይጎትቱት። ሥጋ መጥበሻ ደግሞ እንደ ጤና አዳም ይያዛል፤ አንድ ልዩነት አለው፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ድረስ ከተቆረጠ ዳግም አያቆጠቁጥም።

ቤት ውስጥ የሚቀመጡት

ሳሎን ውስጥ የሚቀመጥ ተክል ብርሃን የሚያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ በየሳምንቱ ሩብ ዙር ማዞር፣ ከመስኮቱም ከሁለት ሜትር በላይ አለማራቅ ይገባል። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ሳንሲቬሪያ ደብዛዛ ብርሃንንም ይታገሣል፤ የሚገድለው በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚያጠጣው አፍቃሪው ነው። በበጋ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ በክረምት በወር አንድ ጊዜ ቢጠጣ ይበቃዋል። እሬትም እንዲሁ ነው፣ ነገር ግን ከእርሱ የበለጠ ብርሃን ይፈልጋል።

በከተማችን አቧራ ቅጠል የሚዘጋበት ፍጥነት የሚያስገርም ነው። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ ሰፋፊ ቅጠሎችን ከሥር በእጅ ደግፎ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል፤ እንዲያብረቀርቅ ተብሎ ዘይት መቀባት ግን ቅጠሉ የሚተነፍስበትን ይደፍናል፣ አቧራውንም ይበልጥ ይሰበስባል። ሕፃናት ያሉበት ቤት ሰፋፊ ዝንጉርጉር ቅጠል ያለውን ዲፈንባኪያና ፖቶስ የተባለውን ሐረግ ከእጃቸው ማራቅ አለበት፤ ቅጠላቸው ሲታኘክ ምላስና ጉሮሮን ያሳብጣል። በግቢ አጥርነት የምናውቀው ቅንጭብም ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ለጌጥ ተብሎ በዕቃ የሚተከል አይደለም።

ተባይ ሲመጣ

በበረንዳ ላይ አብዝቶ የሚታየው ክሽክሽ ነው፤ በለጋ ቡቃያና በጽጌረዳ እንቡጥ ሥር ተሰብስቦ ይመጥጣል፣ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልገው የሚወጡት ጉንዳኖችም መኖሩን ያሳብቃሉ። ቡቃያው ላይ የጉንዳን ሰልፍ ያየ ሰው የቅጠሉን ሥር ገልብጦ ይመልከት። ጥቂት ከሆነ በጣት ማሸት ወይም በውኃ ግፊት ማጠብ ይበቃል፤ ከበዛ በ1 ሊትር ውኃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የቅጠሉን ሥር እስኪያንጠባጥብ መርጨትና ጠዋት በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። በየአምስት ቀኑ ሦስት ጊዜ መደጋገም አለበት፤ አንድ ጊዜ ረጭቶ መተው አዲስ ለሚፈለፈሉት ቦታ ማስለቀቅ ነው። በአንጓዎች ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ በአልኮል የተነከረ ጥጥ እየነኩ አንድ በአንድ ማንሣት ይቻላል። በክረምት ሰላጣና ጎመን የሚበላው ቀንድ አውጣ ደግሞ ቀን ከዕቃው ሥር ተደብቆ ይውላልና ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ በስልክ መብራት ፈልጎ መልቀም ከማንኛውም መድኃኒት ይበልጣል።

የታችኛው ቅጠል ሲቢጭ ሰው ሁሉ በሽታ ይመስለዋል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ የውኃ ብዛት ነው፤ ከታች አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ በየጊዜው ቢረግፉ ዕድሜ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ ከደረቀና በዕቃው ዙሪያ ነጭ ዱቄት ከታየ የተጠራቀመ ጨው ነው፣ ያን ጊዜ የዕቃውን ይዘት ሁለት እጥፍ በሚሆን ውኃ አፈሩን ማጠብ ይገባል። ሥሩ የበሰበሰ ተክል ሁልጊዜ የጠፋ አይደለም። ገልብጦ ቡናማውን ሥር በንጹሕ መቀስ ማስወገድ፣ ከቅጠሉም ሲሶውን መቀነስ፣ በአዲስ ደረቅ ድብልቅ ተክሎ ለአንድ ሳምንት በጥላ ማቆየት ነው፤ ነጭ ሥር ጥቂትም ቢሆን የቀረለት ብዙ ጊዜ ይድናል።

ሙሉ ዕቃ መቀየር ያለበት ተክል ሥሩ በቀዳዳው ብቅ ሲል ይታወቃል። ለዚህ ከሁሉም የሚመቸኝ ወር መስከረም ነው፤ ዝናቡ እየቀነሰ ፀሐይ ትመለሳለች፣ ሥሩም ከኅዳር ብርድ በፊት ሁለት ወር ያገኛል። አዲሱ ዕቃ ከአሮጌው በአራት ጣት ያህል ብቻ ቢሰፋ ይበቃል፤ በጣም የሰፋ ዕቃ ሥር ያልደረሰበት እርጥብ አፈር ይበዛበታል።

ጤና አዳም በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ግንዱ እየጠነከረ ከሥሩ ይራቆታል፤ ስለዚህ በዚያው በመስከረም ያላበበ ለጋ ቅርንጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ከአንጓ በታች ቆርጦ፣ የታችኛውን ግማሽ ቅጠል አራግፎ፣ አሸዋ በበዛበት እርጥብ አፈር ውስጥ መትከልና በግማሽ የተቆረጠ ሃይላንድ መክደን ይገባል። እኔ አምስት እተክላለሁ፣ ሦስቱ ይይዛሉ። ከአንድ ወር በኋላ ቀስ ብሎ ሲጎተት እምቢ ካለና አናቱ ላይ አዲስ ቅጠል ካወጣ ክዳኑ ይነሣለታል፤ ወደ ራሱ ዕቃ የሚዛወረው ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ሲሆን አሮጌው ተክል አዲሱ ለቡና የሚበቃ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ አይነቀልም።